የግድግዳው ካፖርት

ሰኔ 4

ዛሬ ሳንቃዋ ገባች። የረግረጉ ውሃ የሚወጣባት የሲሚንቶ በር ላይ፣ ከድሮዎቹ ሳንቃዎች አናት፣ አንዲት ተጨመረች። ቁመቷ አንድ ስንዝር ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ፣ ያስፈቀድኩት እኔ፣ መዶሻ ይዞ ፎቶ የተነሳው ግን ዳይሬክተሩ ነው። ይነሳ። አምና ረግረጉ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ዳክዬዎቹ ጥለውን ሄዱ። ከተማው መሀል የቀረን ጥብቅ ረግረግ ይሄ ብቻ ነው፤ ተጠሪው ደግሞ እኔ ነኝ። ውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ሸምበቆው ያገግማል፣ ወፉም ይመለሳል።

ከሥራ መልስ የራሴን የጓሮ በር በሚስማር ቸነከርኩ። በአዲሱ ደንብ የረግረጉን ወሰን ከሚያሳዩት ባለቁጥር ነጫጭ ችካሎች አልፎ አፈር መድፋትም ሆነ ወደ ረግረጉ የጓሮ በር መክፈት ክልክል ነው። አርአያ መሆን አለብኝ፤ ጎረቤት እያየኝ ነው የቸነከርኩት። ጡረተኛዋ እትዬ መምህርት በአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው፣ "ከውጭ ሆነህ እንዳትቸነክረው፣ ኋላ መግቢያ ታጣለህ" አሉኝ። ሰው መቼም ቀልድ አያጣም።

ባለቤቴ "ውሃው ወደኛ አይመጣም?" አለች። አንድ ስንዝር ብቻ ነው አልኳት። እጇን ዘረጋችና የራሷን ስንዝር አየችው።

ሰኔ 12

ዝናብ። ሁለት ዳክዬ መጡ። ለዳይሬክተሩ ደወልኩ፣ እሱም ለበላዮቹ ደወለ።

ባለቤቴ ራት ላይ፣ "የአባባ ክፍል ግድግዳ አልቦታል፤ ና ንካው" አለችኝ። አባባ የምንላቸው አባቷን፣ አማቼን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን የኋላዋ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት፣ መስኮቷ ወደ ረግረጉ ነው። ነገ አየዋለሁ አልኳት።

ሰኔ 18

የነዋሪዎች ስብሰባ። "ሲሚንቶ" የምንለው ጎረቤቴ፣ ተቋራጩ፣ ተነስቶ "ለመሆኑ ዳክዬ ግብር ትከፍላለች?" አለ። "አትከፍልም፤ ግን ያለ ፈቃድ ፎቅም አትሠራም" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በመልሴ ደስ አለኝ።

እትዬ መምህርት ምንጣፋቸው ከሥሩ ረጥቧል አሉ። የቤት እርጥበት በአብዛኛው የሚመጣው ከድስት እንፋሎትና መስኮት ካለመክፈት መሆኑን በሰፊው አስረዳሁ። ባለቤቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አጨበጨበች፤ ብቻዋን።

ቤት እንደገባን የአባባን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። "እንዳልከው" አለችኝ። እንቁራሪት ገባ። አባባ ሲስሉ አደሩ፣ እንቁራሪቱም ሲጮህ አደረ።

ሰኔ 25

አባባ ለግድግዳው ካፖርት ሰፉለት።

ቀልድ አይደለም። ከዱሮ ሥራቸው የተረፈ ወፍራም ጨርቅ አውጥተው፣ ከሥሩ ላስቲክ ገበር አድርገው፣ በግድግዳው ልክ ሰፍተው ሰቀሉት። ጠርዙን አጥፈውታል። መብራት ማብሪያው ጋ ሲደርሱ እንደ ኪስ ቀደው በክር ዘምዝመውታል። "ደህና አደሩ ወይ አባባ?" ስላቸው "እኔ ደህና ነኝ ልጄ፤ የታመመው ግድግዳው ነው" አሉኝ፤ ብለውም ሳሉ።

በሩ ላይ ቆሜ ሥራቸውን አደነቅኩ። ባለቤቴ "ገለጥ አድርገህ ንካው" አለች። የእሳቸውን ስፌት ገልጦ መነካካት ነውር መሰለኝ። ደግሞም አርፍጄ ነበር።

ሐምሌ 2

ጥፋት ተገኘ። ከረግረጉ ጥበቃ ጋር በውሃው በኩል በቦቲ እየዞርን ሳለ ችካል አስራ አራት አጠገብ ሸምበቆው ተረግጦ አየን። ገባ ብለን ስናይ ፍርስራሽ ተደፍቷል፦ የጡብ ስባሪ፣ ጠጠር፣ አፈር፣ ከአጥሩ ሥር ጀምሮ ችካሉን አልፎ። የተጠቀጠቀ፣ የተስተካከለ፣ ጠርዙ የተቃና ነው። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ንጹሕ ሕገ ወጥ ሥራ አላየሁም።

ጥበቃው "በመኪና አይደለም፣ በእጅ ጋሪ ነው" አለ። ቀጥሎም "ከማን ቤት ጀርባ ነው ጋሼ?" ሲል ጠየቀኝ።

ሸምበቆው ስለሸፈነው ከዚህ ሆኖ ለመለየት ያስቸግራል አልኩት። በውሃው በኩል ሲታይ አጥሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ነው። ይሄ እውነት ነው።

ሐምሌ 5

ሲሚንቶን ጠረጠርኩ። ሌላ ማንን ልጠርጥር? ቤቱ ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ቱግ አለ።

"እኔ? እኔ ብደፋ በጋሪ? ሰውዬ፣ እኔ ብደፋ በአንድ ቀን ኳስ ሜዳ ነው የማወጣልህ! ስሜን አታጥፋ!"

ከልቡ ነው የተቀየመው። ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ስል በር ላይ አስቁሞኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሽማግሌው እንዴት ናቸው?" አለኝ። ደህና ናቸው አልኩ። "ሌሊት ሲስሉ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል" አለ።

ሐምሌ 8

የእጅ ጋሪያችን ጎማ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

አጠብኩት።

ሐምሌ 13

ከትናንት ወዲያ አባባን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ጀርባቸውን ብዙ አዳመጠችና "የሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው?" ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቁማ "ባለሙያው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቂው" አለች። ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል አልኩ።

"ነክተኸዋል?" አለችኝ ባለቤቴ፣ ሐኪሟ ፊት።

ሐኪሟ ክፍል ይቀየርላቸው አለች። ለመቀየር ሞክረን አልሆነም። ሳሎን ያለው ሶፋ አጭር ነው፤ አንድ ሌሊት ተኝተውበት ወገባቸው ተያዘ። መኝታ ቤታችንን ስንሰጣቸው ደግሞ፣ "የባልና ሚስት መኝታ ቤት ገብቼ ልንጋለል? ምን አደረግኋችሁ እንዲህ የምታዋርዱኝ?" ብለው ተቆጡ። ዱላቸውን ይዘው ወደ ኋላ ክፍላቸው፣ ወደ ካፖርታሙ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ዛሬ ማታ ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች "ሳንቃዋን አውጣት" አለችኝ።

ነገሩ እንደሚመስላት ቀላል አይደለም፣ አስረዳኋት። ዳክዬዋ ሸምበቆው መሀል ጉብታው ላይ ጎጆ ሠርታለች። አሁን ጉብታውን ውሃ ከቦታል። ውሃው አንድ ስንዝር ከወረደ መሬቱ ይገናኝና የሰፈር ውሻ በእግሩ ይገባባታል። ይህችን አንዲት ጎጆ ለማየት ነው ዓመት ሙሉ የለፋሁት።

"ስንት እንቁላል አላት?"

"ሰባት።"

"እኔ አንድ አባት ነው ያለኝ።"

ጫጩቶቹ እንደወጡ አወጣታለሁ አልኳት። መቼ ነው አለች። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አልኳት። ሐምሌ ገና አጋማሹ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አባባ ከኋላ ሲስሉ ብቻ ነው የሚሰማው። ሰበብ የምደረድር ሆኖ ተሰማኝ፤ ግን የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር።

ሐምሌ 19

የተደፋው ፍርስራሽ፣ ድፊቱ፣ አድጓል። አሁን ወደ ችካል አስራ አምስት ይጠጋል።

ጠዋት እትዬ መምህርት አፈር የሞላ ባልዲ ይዘው በእኛ በር በኩል ሲያልፉ አገኘኋቸው። "ለአበባዬ ነው" አሉኝ። አበባ የላቸውም። ከሰዓት ሱቅ ስገባ ሁለት ሰዎች እያወሩ ነበር፤ አንዱ "ዝም በል፣ መጣ" አለ፣ ሌላው ወዲያው ስለ ሳሙና ዋጋ ጀመረ። ይሄ ሰፈር ከእኔ የሚደብቀው ነገር አለ።

ከፍርስራሹ መሀል ሰማያዊ ሴራሚክ አየሁ። ጥበቃው አንዱን ስባሪ አንስቶ ጠራርጎ ሰጠኝ። ሰማያዊ ሴራሚክ በከተማው ሞልቷል። እኛም ቤት መታጠቢያውን ስናድስ የተነቀለው ጓሮ ተከምሮ ነበር። አሁን ይኑር አይኑር አላየሁም። ዝናብ ስለነበር ወደ ጓሮ አልወጣሁም።

ስባሪውን ኪሴ ከተትኩት። ሱሪዬን ባለቤቴ ናት የምታጥበው። መልሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች፤ ታጥቦ።

ሐምሌ 24

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ነሐሴ 2 ከላይ ኮሚቴ ይመጣል። ሳንቃዋን፣ ዳክዬዋን፣ ሁሉን ያያሉ። ከወደዱት የከተማውን ወንዝና ኩሬ ሁሉ ጠቅልለው ለእኔ ሊሰጡኝ አስበዋል። ሻይ አዘዘልኝ፤ ከዚህ በፊት አዝዞልኝ አያውቅም።

"ድፊቱን አጽድተን እንቆያቸው?" አልኩት።

"የለም፣ እንዲያዩት ነው የምፈልገው። ጥፋት አገኘን፣ አጥፊውን ያዝን እንላለን። አጥፊውን በስሙ እፈልጋለሁ።"

አገኘዋለሁ አልኩት። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

ሐምሌ 27

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች። ቦቲዬን ረስቼው ወጥቼ ስለነበር ልወስደው ወደ ቤት ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ሰው የለም። የአባባ አልጋ ባዶ ነው። ደነገጥኩ። ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የቸነከርኩት በር ገርበብ ብሏል። ሚስማሮቹ በአባባ የመርፌ ቆርቆሮ ውስጥ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል፣ አጠገቡ መዶሻዬ አለ። ማታ ማታ ወደ ቦታቸው የሚመለሱ ይመስለኛል፤ በሩን ሳየው ሁሌም ዝግ ነው።

በስንጥቁ አየሁ። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ የልብስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። ባለቤቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጋሪውን ትገለብጣለች። አባባ ጎንበስ ብለው ለኩ። "በዚህ በኩል ሰፍቷል ልጄ፣ ጠበብ አድርጊው" አሉ። እሷ በአካፋ ጠበብ አደረገችው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እሷ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ድፊት ውሃ አያቆምም። ውሃው በላይ ፈስሶ አይደለም ወደ ቤቱ የሚገባው፣ ከሥር በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ነው። ደርዘን ጋሪ ሳይሆን ተራራ ቢደፉ ከንቱ ድካም ነው። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። በሩን ከፍቼ ልነግራቸው ይገባ ነበር።

ቦቲዬን ይዤ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ሐምሌ 30

ዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ። ውሃው ሳንቃዋን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ጫጩት የለም።

ባለቤቴ "ሳንቃዋ?" አለች። ኮሚቴው አይቷት ይሂድ አልኳት። እንዲህ ማለቴን አሁን ስጽፈው ነው የሰማሁት።

ነሐሴ 1

አባባ ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው። በጎረቤቴ በሲሚንቶ መኪና ሆስፒታል ወሰድናቸው። ኦክስጅን ላይ ናቸው። ባለቤቴ አጠገባቸው አለች። አታናግረኝም።

የሜትራቸውን ጫፍ ይዘው አልለቀቁም። ነርሷም ትታላቸዋለች።

ነሐሴ 2

ኮሚቴው መጣ፣ አራት ሰው፣ ቦቲያቸው ገና ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ዳክዬዋን በሩቁ አይተው ተደሰቱ። ሳንቃዋን ደባበሱ። አንደኛው "በአንዲት ጣውላ!" አለ። ዳይሬክተሩ በኩራት ተነፋ።

ከዚያ ችካል አስራ አራት ጋ ደረስን። ሰፈሩ በአጥር ላይ ነው፤ እትዬ መምህርት በባልዲያቸው ላይ ቆመዋል።

"አጥፊው ተለይቷል" አለ ዳይሬክተሩ፣ ወደ እኔ ዞሮ። "ማነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ሲሚንቶ ከአጥሩ ማዶ "እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዞሮ አየው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። "እኔ ነኝ የደፋሁት። ሥራው ትንሽ... ተቻኩዬ ነው" አለ። የዛሬ ወር ስሜን አታጥፋ ያለኝ ሰው ነው። ያንን ሰው ያን ጊዜ ብስመው ደስ ባለኝ።

"እሱ አይደለም" አልኩ። "ይሄ የእኔ ጓሮ ነው።"

ዳይሬክተሩ ሳቀ። ከዚያ ተወው።

"ቤቱ የእኔ ነው፣ ጋሪው የእኔ ነው፣ ሳንቃዋም የእኔ ናት። ከኋላ ክፍሌ የሚተኙት አማቼ ኦክስጅን ላይ ናቸው። የእትዬ መምህርትም ወለል የረጠበው ከድስት እንፋሎት አይደለም። ይሄ ድፊት ከተፃፈ በእኔ ስም ይፃፍ።"

እትዬ መምህርት ከባልዲው ላይ "ይኸውልህ!" አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ኮሚቴው ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ዳይሬክተሩ ሥራህ ላይ ትቆይ አትቆይ አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩት።

ከሰዓት ከጥበቃው ጋር ሳንቃዋን ለማውጣት ወረድን። ውሃ ጠጥታ አብጣ ተጣብቃለች፣ አትነቃነቅም። ሲሚንቶ ድጅኖ ይዞ መጣ። "አሁንስ ባለሙያ ታስፈልጋለህ" አለኝ። ሦስት ሆነን ነቀልናት። ውሃው እያጓራ ወረደ።

ነሐሴ 4

ጥበቃው ሁለቱንም ሌሊት ውሻ ሲያባርር አደረ። ዛሬ ሊነጋ ሲል አንድ አምልጦት ገብቷል። እንቁላሎቹ አልቀዋል። ዳክዬዋ ቀኑን ሙሉ ከጎጆው በላይ ስትዞር ነበር፤ ቆሜ አየኋት። ይሄን የምጽፈው ማንም እንዳይረሳው ነው፣ በተለይ እኔ።

ሆስፒታል ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኳት። "አሳዘነችኝ" አለች። አባባን ሆስፒታል ካስገባንበት ሌሊት ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

ነሐሴ 9

አባባ ዛሬ ቤታቸው ገቡ። ባለቤቴ አልጋቸውን እኛ መኝታ ቤት አንጥፋ ጠበቀቻቸው። "እንዴት ተደርጎ..." ማለት ሲጀምሩ "አባባ፣ ዝም ይበሉ" አለቻቸው፤ ዝም አሉ። ለራሷ እታች ፍራሽ ዘረጋች።

"እኔስ?" አልኩ።

በአገጯ ወደ ኋላ ክፍል ጠቆመች።

ትራሴን ይዤ ልወጣ ስል አባባ ጠሩኝ። "ና ወዲህ፣ ትከሻህን አቅና" አሉ። ሜትራቸውን ፈትተው ተቀምጠዋል። "ለምን አባባ?" ስላቸው "እዚያ ይበርዳል" አሉኝ። ለእኔም ካፖርት ሊሰፉልኝ ነው። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ይዤ አገዝኳቸው። ጥፋቴን ልናዘዝ፣ ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት "አትተንፍስ፣ ልኩ ይዛባል" አሉኝ። አልተነፈስኩም። እንባዬ ግን ሳልጠራው መጣ።

አሁን የምጽፈው ከኋላ ክፍል ሆኜ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሳንቃ ስለወጣ በአንድ ሳምንት አይደርቅም፤ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ። የአባባን ስፌት ከጠርዙ ቀስ ብዬ ገለጥኩና መዳፌን አሳረፍኩበት።

ባለቤቴ ብርድ ልብስ አምጥታልኝ ለካ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

"ነካኸው?"

"ነካሁት።"

"እና?"

"እርጥብ ነው" አልኳት።